መርዶ ያልተነገረለት የዓባይ ማዶ ልጅ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ መጣች። የሥነ ልቦና ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ስታጠና፣ ጎረቤቴ «እሳቸው ጋ ሂጂ፤ ይህንኑ ትምህርት ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው» ብላ ልካት ኖሯል። ልጅቷ ገና በደንብ ሳትቀመጥ «እማማ፣ ከመጀመሬ በፊት ፈቃድዎን ልጠይቅ» አለችና ወረቀት አውጥታ አነበበችልኝ። ስሜ አይጠቀስም። የማልወደውን ጥያቄ መዝለል እችላለሁ። ከደከመኝም መሐል ላይ ማቆም እችላለሁ። ቶሎ ቶሎ ነው ያነበበችው፤ ብዙ ቤት ስታነበው የዋለች ትመስላለች። ከዚያ ስልኳን እያሳየች፣ የምትጠቅሳቸውን መጻሕፍት ስልኩ ራሱ በሥርዓቱ እንደሚደረድርላት፣ የጥናት ሥነ ምግባር መመሪያውም እዚያው ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ከእሷ ጋር አልነበረም። ያ የስቴንስል ቀለም አፍንጫዬ ድረስ መጥቶ ሸተተኝ። በሰም ወረቀት ላይ በታይፕ ተመትቶ፣ በእጅ በሚዞር ማሽን ሲባዛ ጣት የሚያጠቁረው፣ ከጋዝ ጋር የሚቀራረብ ሽታ ያለው ያ ቀለም። ከዚያ ሽታ ጋር ባሕር ዳርም መጣች፤ የዛሬዋ ሳትሆን ያቺ የወጣትነቴ።

ያኔ ባሕር ዳር መንገዷ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት ነበር። በዘንባባዎቹ ሥር ከመኪናው ይልቅ የሚመላለሰው ብስክሌት ነው። ብስክሌት የሌለን ደግሞ በሰዓት እንከራይ ነበር። ከገበያው ማዕዘን ላይ ያለው አከራይ በራፉ ላይ ቴፕ ሰቅሎ ከጧት ጀምሮ የሴት ድምፅ ያለበት የክራር ዜማ ያሰማል። ጥቂት አለፍ ሲሉ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሹን ይለቅቀዋል። በሁለቱ መሐል የሚያልፍ ሰው አንዱ ጆሮው ይተክዛል፣ ሌላው ይዘምታል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር። የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሐይቁ ዳር ይሸጣል፤ ዘይቱ የጋዜጣውን ወሬ ሁሉ ያጠፋዋል። እኛ ሴቶቹ ጉርድ ቀሚስና ኮንጎ ጫማ፣ ወንዶቹ ደግሞ አፍሯቸውን አጎፍረው ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ። ሱሪው ሌላ አገር ፋሽኑ አልፎበታል ይባል ነበር። ለእኛ ግን ገና መድረሱ ነው። ከኮሌጁ እስከ ሐይቁ በእግራችን ስንወርድ ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ሲመጡ እናያለን። ከዚያ ዘመን ደስታ ምን ቀረሽ ብትሉኝ፣ ያቺ ወደ ሐይቁ የምታወርደው መንገድ ናት እላለሁ።

የምርምር ዘዴ ያስተማሩን መምህር ደምሰው ይባሉ ነበር። አባታቸው ከጣና ደሴቶች በአንዱ ያገለገሉ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸውም ልጅነታቸውን በቅኔ ቤት አሳልፈው፣ በኋላ ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የተለበጠ። ጽሑፍ አጻጻፍን የሚያሳየው መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ጋዜጣ ለብሶ ከመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ተሰልፈን፣ ቆመን ነው የምናነበው። የት ነጥብ፣ የት ሰረዝ እንደሚገባ፣ የደራሲ ስም እንዴት እንደሚጻፍ ከእሱ እንቀዳለን። መጽሐፉ የመጻሕፍት ርዕስ በጋደለ ፊደል ይጻፍ ይላል። የእኛ ታይፕ የጋደለ ፊደል ስለሌለው ከሥሩ እናሰምርበታለን። አንዱ ተማሪ «የሰው ስም እንዲህ መደርደር ምን ይጠቅማል?» ብሎ ሲያጉረመርም መምህር ደምሰው ሰሙት። «ቅኔ ቤት የመምህሩን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ተማሪ ምን ይባላል?» አሉት። ልጁም ደብር አካባቢ ያደገ ነበርና «ሌባ» አለ። «እንግዲያ አንተ ታውቀዋለህ» ብለውት አለፉ።

ስለ ሥነ ምግባር ግን በዚያ ዘመን በእጃችን የሚገባ ነገር አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው ሦስት ገጽ በአማርኛ ጽፈው በስቴንስል አባዙልን። ከላዩ እንደ ጊዜው ልማድ መፈክር አለበት፤ ከሥሩ ያለው ግን የእሳቸው ነው። አስፈቅዱ፤ አትዋሹ፤ የሰማችሁትን ለሌላ አታውሩ፤ ማንንም አትጉዱ ይላል፣ በሰፊው ተተንትኖ። ባደሉን ቀን አንዲት ልጅ «ተጠያቂው እንቢ ቢለንስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ተጠያቂ አትበዪ» አሏት። «ተጠያቂ ምርመራ ክፍል ያለ ሰው ነው። መላሽ በዪ። መላሽ ካልፈለገ አይመልስም።» ከዚያ መስኮቱን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ምርምርና ምርመራ አንድ ቤት የተወለዱ ቃላት ናቸው፤ የሚለያቸው ፈቃድ ነው» አሉ። በዚያ ዘመን ከመካከላችን ዘመዱ ምርመራ ክፍል ያልገባበት ጥቂት ነበር።

የመጨረሻ ዓመት ጽሑፌን ልጆቻቸው በዘመቱባቸው እናቶች ላይ ለማድረግ ወሰንሁ። ልጅን ጦር ሜዳ ልኮ መጠበቅ ምን እንደሆነ መጻፍ ፈለግሁ። ቀበሌው የፈቀደልኝ የእናቶቹን ወኔ የማወድስ መስሎት ነው። እንዲህ ሆኖ ነው ዓባይ ማዶ መመላለስ የጀመርሁት። ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት ሰፈር ያኔ ጸጥ ያለ ነበር፤ ድልድዩን ከወታደሮቹ ፍተሻ ጋር ሲሻገሩ የጭቃ ቤቶች፣ በየጓሮው በቆሎና ሎሚ፣ ከበስተኋላ ደግሞ ወንዙ።

ከሁሉም ይበልጥ የቀረብኋቸው እናት እትዬ ጥሩዬ ይባላሉ። አንድ ልጃቸው ሙላት በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ቆይቷል። ከመሄዱ በፊት ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ካሴ ፋብሪካ ጥበቃ ሠርተው በሕመም የወጡ ሰው ናቸው። ሐኪም ልባቸው ደክሟል፣ ድንጋጤ አይችሉም ብሏል። ውሎ አዳራቸው ከመጋረጃው ጀርባ፣ አልጋ ላይ ነው። እትዬ ጥሩዬ ጥያቄዬን ሁሉ የሚመልሱት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ወደ መጋረጃው ዞር እያሉ ነበር። «ሙላት ሲመጣ ጣራውን ይቀይረዋል» ይላሉ። «ሙላት ሲመጣ እሱን ድረን ነው የምናርፈው።» ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ ካሴ «አሜን» ይላሉ። እኔ የምጽፈው ቃሉን ነበር። ለማን እንደሚነገር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከእሳቸው ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ አስማማው የሚባል አሥር አለቃ ከጦር ሜዳ አንድ እግሩን አጥቶ ተመልሷል። እናቱን፣ ልጅን ስለ መጠበቅ ልጠይቃቸው ሄድሁ። እንደ ደንቡ፣ የምትነግሩኝ ከእኔ ጋር ይቀራል አልኋቸው። እናቱ ሲናገሩ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። በመካከሉ «የእኔ እናት ዕድለኛ ናት፤ ጎዶሎም ብሆን ተመለስሁላት። የምታሳዝነኝ የሙላት እናት ናት» አለ።

«ምነው?» አልሁት።

«ሞቷልኮ። እያየሁት ነው የወደቀ። ወደ ኋላ ስናፈገፍግ ሜዳው ላይ ቀረ። እጁን ሲያነሣ አይቻለሁ፤ ልንመለስለት አልቻልንም።» ቀጥሎም «ይህን ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ» አለኝ። «ከበላይ ሳይነገር የሞት ወሬ ያወራ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። የጠላት ወሬ ነዛ ተብሎ ይወሰዳል። በዚያ ላይ ቃል ገብቻለሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ የእትዬ ጥሩዬ በር ክፍት ነበር፤ እሳቸውም ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። «የሺዬ፣ ውሃ እንኳን ሳትጠጪ?» አሉኝ። ቸኩያለሁ ብዬ አለፍሁ።

በማግሥቱ መምህር ደምሰውን ከኮሌጁ ግቢ ሾላ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ያለቀስሁ መሆኔን አይተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ነገሩን ከጨረስሁ በኋላ «ሦስቱን ገጽ አየሻቸው?» አሉኝ።

«ደጋግሜ አየኋቸው። የሰማሽውን አታውሪ ይላል። አትጉጂም ይላል። ዝም ብል እሳቸውን መጉዳት መሰለኝ፤ ብናገር እሱን መክዳት ነው። ምን ላድርግ?»

«ስጽፈው ይህ አልመጣልኝም» አሉ። መምህር «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። «አንድ ነገር ግን ይታየኛል። ቃሉ የአንቺ አይደለም፤ የአስማማው ነው። ሄደን እሱን እንለምነው።»

ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ እኔ ከጎን ሆኜ ድልድዩን ተሻገርን። አስማማው እንግዳ ሲያይ ደነገጠ። መምህር ደምሰው ግን መሬቱ ላይ፣ ፍራሹ አጠገብ ተቀመጡና «ልንገድድህ አልመጣንም። አይሆንም ካልህ ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉት። ልጁ ታሪኩን እንደገና ነገራቸው፤ እጁን ሲያነሣ የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱን ሸፈነ። «እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ክራንቹን ልልመደውና፣ ቤታቸው ሄጄ፣ በአፌ።» መምህር ደምሰው አመስግነውት ተነሡ። ክራንቹን ለመደ። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ይሄድ ጀመር። በእትዬ ጥሩዬ በር ላይ ግን ማለፍ አቃተው፤ በጓሮ ዞሮ ይሄዳል።

እኔም እትዬ ጥሩዬ ዘንድ መሄዴን አልተውሁም። ብቀር ምን ሆና ነው ይላሉ። ጥያቄውን ግን አቆምሁ፤ ጽሑፌ ውስጥም ከእሳቸው ቤት አንድ ቃል ላላስገባ ወሰንሁ። ለመምህር ደምሰው ስነግራቸው «ገጽ ይጎድልሻል» አሉኝ። «ይጉደል» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩዬን ወንዙ ዳር ልብስ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። የጋሽ ካሴን ጋቢ አጥበው ለብቻቸው መጭመቅ አቅቷቸው ነበርና አንዱን ጫፍ ያዝሁላቸው። እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ስንጠመዝዝ «የሺዬ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከቤታቸው ድምፅ የተለየ፣ ዝቅ ያለ ነበር። «አንቺ ቤት ለቤት ትዞሪያለሽ። የአስማማውም ቤት ገብተሻል። ስለ ልጄ የሰማሽው ነገር አለ?»

የለም ማለት ይቀለኝ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ዓይናቸውን እያየሁ ልዋሽ አልቻልሁም፤ መናገሩም የእኔ አልነበረም። «እትዬ፣ እባክዎ ይህን እኔን አይጠይቁኝ» አልሁ።

እጃቸው ቆመ። ወንዙን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ቀጥለው ጋቢውን እንደገና መጠምዘዝ ጀመሩ። ውሃው ሲያልቅም አላቆሙም፤ እጄ እስኪያመኝ ድረስ ያዝሁላቸው። «ልቤስ ከነገረኝ ቆይቷል» አሉ። «ከሰው አፍ ነው ያልሰማሁት።» ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ነክሰው አለቀሱ። ድምፅ አልወጣቸውም። ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው ተነሡና «ለእሱ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። እሱ ይህን ከሰማ አያድርም» አሉኝ። ቤት ስንገባ ጋቢውን ገመድ ላይ እያሰጡ፣ በዚያው ከፍ ባለ ድምፃቸው፣ «ካሴ፣ ሙላት ሲመጣ ይህን አሮጌ ጋቢ ይጥልልሃል» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ «አሜን» የሚል መጣ።

ተመረቅሁ፤ ዱርቤቴ መምህርት ሆኜ ተመደብሁ። ለገበያ ቀን በሚመጣ መኪና ላይ ተጭኜ አልፎ አልፎ ባሕር ዳር ስመጣ እጠይቃቸዋለሁ። እትዬ ጥሩዬ ጥቁር አልለበሱም፤ ፀጉራቸውንም አልተላጩም። በዓል ሲመጣ ለልጃቸው ድርሻ ያስቀምጣሉ። ሰው ሐዘኑን በልቅሶ ያወጣዋል እላለሁ፤ የእሳቸው ሐዘን ግን በየዕለቱ «ሙላት ሲመጣ» እያሉ ወደ ውስጥ የሚመልሱት ነበር። በዕድሜያቸው እንዲህ ከስተው አያውቁም። ለተማሪዎቼ ስለ ሐዘን በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ቆሜ ስንት ጊዜ እሳቸው ትዝ እንዳሉኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከጊዜ በኋላ ጋሽ ካሴ አረፉ። ወሬው ዱርቤቴ ሲደርሰኝ ወዲያው ተነሣሁ። ድንኳኑ ተጥሏል፤ ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። መምህር ደምሰውም ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው መጥተዋል። እትዬ ጥሩዬ መሐል ላይ ቆመው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ስለ ባላቸው ሊያለቅሱ ነው ብለን ስንጠብቅ እንዲህ አሉ፦

ሂድ ካሴ፣ ሂድ ካሴ፣ ልጅህን አግኝተኸው፣
እናትህ ሳትቀብርህ አለቀሰች በለው።

መጀመሪያ ሰው የተሳሳቱ መሰለው። አንዲት ጎረቤት ልታስታውሳቸው እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ግን «ሙላትዬ» ብለው ጮኹ፤ ደረታቸውን መቱ፤ ያ ሁሉ ጊዜ የታፈነ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ከጀርባ አንዲት እናት የራሷን ልጅ ስም ጠራች። ወሬው ከጠፋ የቆየ ልጅ ነው። ሌላዋም ጠራች። ዓባይ ማዶ ውስጥ መርዶ ያልተነገራቸው እናቶች ሁሉ፣ በጋሽ ካሴ ልቅሶ ላይ፣ የየልጃቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ሊቀ መንበሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ የሚናገር መሰለኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ባለበት ቆመ። የእሱም የእኅቱ ልጅ እንደወጣ አልተመለሰም አሉ።

ያኔ ነው አስማማው በክራንቹ የመጣው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። እትዬ ጥሩዬ ፊት ደርሶ ቁጭ ማለት ስላቃተው መምህር ደምሰው ደግፈው አስቀመጡት። «አብሬው ነበርሁ» አለ። ጉልበቱን ይዘው አዩት። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልህ አላሉትም፤ የት፣ መቼ አላሉትም። «ጠምቶት ነበር?» ብቻ አሉት።

አስማማው ቀና ብሎ አያቸው። «ውሃ ሰጥቼዋለሁ። ጠጥቷል» አለ። «በእጄ ነው የቀበርሁት።»

እትዬ ጥሩዬ ግንባሩን ሳሙት። እኔ መምህር ደምሰውን አየሁ፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ሲመለሱ እስከ ድልድዩ ሸኘኋቸው። ብስክሌታቸውን እየገፉ ነበር። «መምህር» አልሁ፣ «ያኔ የነገረንኮ…» ሳልጨርስ አቋረጡኝ። በትምህርት ቤት ማስረጃ የሌላት አንዲት ዓረፍተ ነገር አያሳልፉም የምንላቸው ሰው ናቸው። «የሺ፣ ያንን ማጣራት የእኛ ሥራ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆዩም። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረው፣ እዚያው ታመው እንዳረፉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አፈር ማልበስም ሆነ እዝን መቀመጥ አልደረሰኝም። ይህም የራሴ ያልተለቀሰ ልቅሶ ነው።

በሣልስቱ፣ ለቀስተኛው ሲቀልል ልሰናበት ወደ እትዬ ጥሩዬ ገባሁ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፤ ጥቁር ለብሰዋል። መጋረጃው ተነሥቶ ቤቱ ሰፍቷል፤ አልጋው ላይ የተጣጠፈ ፍራሽ ብቻ ነበር። እሄዳለሁ ስላቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያኔ ስለ ልጄ ስትጠይቂኝ የመለስሁልሽ ሁሉ ለእሱ ነበር» አሉኝ፤ ድምፃቸው ያ የወንዙ ዳር ድምፅ ነው። «አሁን የሚሰማን የለም። አሁን ጠይቂኝ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀትም ብዕርም ነበር። አላወጣሁትም። «እንዴት ያለ ልጅ ነበር?» አልኋቸው።

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና «የተወለደ ዕለት ዝናብ ነበር» ብለው ጀመሩልኝ።